የዛፍን ተባይና በሽታ በምን እንከታተል? ለጎንደርና ለአካባቢዋ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዝርያ በአዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ፣ የገበሬውን ኑሮ የቀየረ ዛፍ ነው። ከስሎ ይሸጣል፤ ገንዘቡ የቆርቆሮ ቤትና የልጅ ትምህርት ይሆናል። በቅርብ ዓመታት ግን የዋግ በሽታ ገባበትና ማሳ ሙሉ ዛፍ ቅጠሉ እየጠወለገ መድረቅ ጀመረ። የዋግ ዘር በነፋስ ስለሚጓዝ አጥር አይመልሰውም፤ ለሚቀጥለው ቀበሌ የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው። በእንዲህ ያለ ወቅት የሰውን ዕጣ የሚለየው ቀድሞ ማየቱ ነው። ቀድሞ ያየ ገበሬ ዛፉ ሳይደርቅ ቆርጦ ይሸጣል፣ ለመጪው ክረምትም ሌላ ዝርያ ያስባል። ዘግይቶ ያየው ማገዶ ብቻ ይተርፈዋል።

ጎንደር ላይ የምንጠብቀው ብዙ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የከበቡት ጥዶች አሉ። በየገዳሙና በየደብሩ ዙሪያ የቀረው ደን፣ ዙሪያው ሁሉ ሲመነጠር የተረፈ የአገር በቀል ዛፍ ዘር ነው። ከአዘዞ ወዲያ እስከ ደምቢያ፣ ወደ ላይም እስከ ወገራና ዳባት፣ ባሕር ዛፍ የገበሬው የችግር ቀን ገንዘብ ነው። በከተማው ግቢ ውስጥ ዘይቱኑ፣ ሎሚው፣ ጌሾው አለ። ወደ ጣና ዝቅ ሲባል ማንጎው፣ ወደ መተማ ሲወረድ የእጣኑ ዛፍ አለ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ መከታተል አይቻልም።

ዛሬ በእጃችን ያሉት መንገዶች አምስት ናቸው፤ በእግር ዞሮ በዓይን ማየት፣ ወጥመድ፣ የስልክ ፎቶ፣ የቤተ ሙከራ ምርመራ፣ ከሰማይ የሚነሳ ምስል። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። መሠረቱ በደብተር የተደገፈ የእግር ዙረት ነው። የቀሩት አራቱ ዙረቱ ላነሳው ጥያቄ መልስ ሲያስፈልግ ይጠራሉ። ዙረቱ በሌለበት ቦታ ወጥመድ ገዝቶ መስቀልም ሆነ የሳተላይት ምስል ማውረድ ገንዘብና ጉልበት ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ከዚህ በታች አንድ በአንድ አስረዳለሁ።

ከመሣሪያው በፊት ጠላቱን መለየት

የሚበር ተባይ ነው ወይስ ተጣብቆ የሚኖር? ቅጠል ላይ ነው ወይስ ቅርፊት ውስጥ? በዓይን ይለያል ወይስ በምርመራ ብቻ? የመሣሪያው ምርጫ የሚወሰነው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው። እኛ አካባቢ ሊታሰቡ የሚገባቸውን ዋና ዋናዎቹን እንይ።

ባሕር ዛፍ ላይ በተለይ ሊፈራ የሚገባው ሌፕቶሳይቤ የምትባለው ጥቃቅን ተርብ ናት። ከአውስትራሊያ ተነስታ ዓለምን አዳርሳለች፤ ኢትዮጵያም ገብታለች። ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ከትንሽ ብቻ ስለሆነ ራሷን ማየት ያዳግታል፤ ሥራዋ ግን ይታያል። እንቁላሏን በለጋ ቅጠል አውታርና በቅጠሉ አንገት ውስጥ ስትጥል ቦታው ያብጣል፤ እብጠቱ መጀመሪያ አረንጓዴ ይሆንና ቆይቶ ይቀላል፣ በመጨረሻም ቡናማ ሆኖ ተርቦቹ የወጡበት ቀዳዳ ይታይበታል። በተለይ ቀይ ባሕር ዛፍን ታጠቃለች፤ ችግኙንና ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ደግሞ ታቀጭጨዋለች። የዘንድሮውን ቁርጥ ተከትሎ አዲስ የሚወጣው አጠና ካላደገ የባለቤቱ የዓመታት ዕቅድ ይዛባል።

ጥድ ላይ የሚመጣው የጥድ ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ላይ ከታየ በኋላ ምሥራቅ አፍሪካን አዳርሶ ኢትዮጵያ ደርሷል። የፈረንጁን ጥድ አብዝቶ ይጎዳል፣ የሐበሻውንም ጥድ አይምርም። ቅርንጫፍ ላይ ተሰብስቦ ጭማቂውን ይመጥጣል፤ ምራቁ ዛፉን ይመርዘዋል፤ ቅጠሉም ከአናቱ ውስጠኛ ክፍል ጀምሮ ወደ ውጭ ቡናማ እየሆነ ይሄዳል። ስለዚህ ጥድን ከሩቅ ቆሞ አረንጓዴነቱን አይቶ ማለፍ አይበቃም፤ ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጎ ውስጡን ማየት ይገባል። ቅርንጫፉ ላይ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ፣ በፈሳሹ ላይ የሚበቅል ጥቁር ሻጋታ፣ ፈሳሹን ፍለጋ የሚመላለስ ጉንዳን ካለ ክሽክሹ ቅርብ ነው።

ማንጎን የሚያሰጋው ነጭ ስኬል የሚባለው ተባይ ነው። በ2002 ዓ.ም. ምሥራቅ ወለጋ ላይ ከታየ ወዲህ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተስፋፍቷል። ቅጠሉን ነጭ ነጠብጣብ ያለብሰዋል፤ ፍሬው ላይ ሮዝ ጠባሳ ጥሎ ገበያ ያሳጣዋል። ሴቷ ክንፍ የላትም፤ አንድ ቦታ ተጣብቃ ትኖራለች። ይህ ነጥብ ወጥመድ ላይ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ሎሚና ብርቱካን ላይ ግሪኒንግ የሚባል ፈውስ የሌለው የባክቴሪያ በሽታ አለ። እንደ እኛ ባለ ደጋና ወይና ደጋ አየር የሚስማማት፣ ለጋ ቅጠልን የምታጎብጥ ትንሽ ነፍሳት ታስተላልፈዋለች፤ ከታመመ ዛፍ በተወሰደ ማዳቀያ ዕንጨትም ይተላለፋል። ምልክቱ የቅጠሉ ግራና ቀኝ የተለያየ የቢጫ ዝንጉርጉርነት ነው። ነገር ግን የዚንክ እጥረትም ቅጠልን ስለሚያበጨው ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው።

ከመሬት በታች ደግሞ አርሚላሪያ የሚባለው ሥር አበስባሽ ፈንገስ አለ። አገር በቀሉንም የውጭውንም ዛፍ ይይዛል። ዛፉ ከላይ ሲጠወልግ ከግርጌው ቅርፊቱን በቢላዋ ላጥ ቢያደርጉት እንጨቱና ቅርፊቱ መካከል ነጭ፣ እንጉዳይ እንጉዳይ የሚሸት ሽፋን ይገኛል።

በመተማ በኩል የእጣን ዛፍን የሚቦረቡር ቀንደ ረጅም ጢንዚዛ አለ። እጣን ለማውጣት ቅርፊቱ ከመጠን በላይ የተደማ (የተፋቀ) ዛፍ ራሱን መከላከል ስለሚያቅተው ለጢንዚዛው ይመቻል። የእጣን ዛፍ የምትከታተሉ ከሆነ የጢንዚዛውን ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን የዛፉን የመድሚያ ጠባሳ ብዛትም መዝግቡ።

በእግር ዞሮ በዓይን ማየት

ብዙ ሰው «እኔ ዛፌን በየቀኑ አየዋለሁ» ይላል። ማየትና መከታተል ግን ይለያያሉ። በየቀኑ የሚያልፉበትን ዛፍ ዓይን ይለምደዋል፤ ቀስ ብሎ የሚደርቅ አናት ለለመደ ዓይን አይታይም። ክትትል የሚሆነው ያዩትን ሲመዘግቡና ባለፈው ጊዜ ከተመዘገበው ጋር ሲያስተያዩ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ስለታም ቢላዋ፣ ቢላዋውን የሚያጸዱበት አልኮል፣ ዛፍ የሚያመለክቱበት ቀለም ነው። ለረጃጅም ዛፎች ርቀት ማሳያ መነጽር መዋስ ከተቻለ እጅግ ይጠቅማል።

አሠራሩ ይህ ነው። የተወሰኑ ዛፎች ቁጥር ይሰጣቸውና ሁልጊዜ እነርሱ ይታያሉ፤ ይህ ለውጥን ለመለካት ነው። ከእነርሱ በተጨማሪ በየዙረቱ በሌላ መንገድ በዚግዛግ እየሄዱ ሌሎች ዛፎችን በዘፈቀደ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ አዲስ ነገር ለማግኘት ነው። ስንት ዛፍ ማየት እንደሚበቃ ሒሳቡ ይመልሳል። በደኑ ውስጥ ከመቶ ዛፍ አምስቱ ቢታመሙ፣ በዘፈቀደ 20 ዛፍ ያየ ሰው ቢያንስ አንድ የታመመ የማግኘት ዕድሉ 64 በመቶ ያህል ነው። 60 ዛፍ ቢያይ ግን 95 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ አሥርና አሥራ አምስት ዛፍ አይቶ «ደኑ ጤነኛ ነው» ማለት በቂ አይደለም።

አንድ ዛፍ ሲታይ ከላይ ወደ ታች መውረድ ይመረጣል። መጀመሪያ ራቅ ብሎ አናቱ ይታያል፤ ከጫፍ የደረቀው ክፍል ሩብ ነው፣ ግማሽ ነው ወይስ ከዚያ በላይ? ከዚያ ቀረብ ብሎ የቅጠሉ ፊትና ጀርባ ይታያል። ቀጥሎ ግንዱ፤ ሙጫ የሚያነባ ቁስል አለ? ከቀዳዳ የሚወጣ የእንጨት ዱቄት አለ? ግንዱ ላይ ጠንካራ እንጉዳይ ተጣብቋል? ጠንካራ እንጉዳይ በታየበት ዛፍ ውስጡ መበስበሱ ብዙ ጊዜ ርቆ ሄዷል። በመጨረሻ ግርጌው፤ ምስጥ፣ ስንጥቅ፣ የላላ ቅርፊት። ተቀጽላም ካለ ይቆጠራል፤ ዛፉን ቀስ በቀስ የሚያዳክም ጥገኛ ነው፣ ብዙ ሰው ግን የዛፉ አካል አድርጎ ያልፈዋል።

ጊዜውን መምረጥ ከሁሉም ይበልጣል። በጎንደር ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የቅጠል ነጠብጣብ፣ ዋግና የለጋ ቅጠል እብጠት በደንብ ይታያል። በሐምሌና በነሐሴ ዘርዘር ያለ ዙረት ማድረግ አስቸጋሪ ነው፤ ሆኖም ከሥር አበስባሽ ፈንገስ የሚወጣው እንጉዳይ ግርጌ ላይ ብቅ የሚለው በዚሁ ወቅት ስለሆነ ቢያንስ አንድ ጊዜ መውጣት ይገባል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ክሽክሽ፣ ስኬል፣ ግንድ ቆርቁርና ምስጥ የሚበረቱበት፣ ዛፉም በውኃ ጥማት የሚዳከምበት ነው። በዓመት አራት ጊዜ ብቻ መዞር የሚችል ሰው ጥቅምትን፣ የካቲትን፣ ሚያዝያንና ሐምሌን ይምረጥ።

የዚህ መንገድ ድክመት ግልጽ ነው። ሥርና የግንድ ውስጥ በሽታን የሚያየው ዘግይቶ ነው። እንደ ተመልካቹ ትጋትም ይለያያል፤ አንዱ «ትንሽ ደርቋል» የሚለውን ሌላው «ግማሹ ደርቋል» ሊለው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰው አብሮ ዞሮ የመጀመሪያዎቹን አሥር ዛፎች ለየብቻ ቢመዝንና ከዚያ ቢነጋገር፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ይስተካከላል።

ወጥመድ

ወጥመድ ጥሩ የሚሆነው የሚበር ነገር ሲጠረጠር ነው፤ ሲመጣ ቀኑን ይናገራል። ሦስት ዓይነት ነው።

ቢጫ ተጣባቂ ወጥመድ ክንፍ ያወጣ ክሽክሽን፣ ነጭ ዝንብንና የሎሚ ቅጠል አጎባጭዋን ይስባል። ቤት ውስጥም ይሠራል፤ ከባዶ የዘይት ጀሪካን ቢጫውን ላስቲክ ቆርጦ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ቀብቶ መስቀል ነው። አቧራ ሲሸፍነው መሥራቱን ስለሚያቆም፣ በእኛ በጋ ደግሞ አቧራው ብዙ ስለሆነ፣ በየሳምንቱ መጥረግ ግድ ነው። ንብንና ጠቃሚ ነፍሳትንም ይይዛል። ቀፎ ያለበት ግቢ ውስጥ ብዙ ወጥመድ ማንጠልጠልን አልደግፍም።

ሁለተኛው የሽታ ማባበያ ያለው ነው። ፍሬ ዝንብን ለመከታተል ሚታይል ዩጀኖል የተባለው ማባበያ ይሠራበታል፤ በማንጎና በዘይቱን ላይ የሚመጣውን፣ ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ የተባለውን የፍሬ ዝንብ ወንዱን ይስባል። ዝንቡ መኖሩንና መብዛቱን በትክክል ይናገራል፤ ጉዳት የምታደርሰውን ሴቷን ግን አይይዝም። ስለዚህ ወጥመዱ ሲሞላ ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም፤ የወደቀ ፍሬ መልቀምና መቅበር መጀመር እንዳለበት ማስጠንቀቂያ ነው። ማባበያው በጥቂት ሳምንታት ጉልበቱ ስለሚያልቅ መተካት አለበት። አቅርቦቱ ካልተረጋገጠ መጀመሩ አይመከርም።

ሦስተኛውን ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ወጪ የለውም። ግንድ ቆርቁር የሆኑ ጢንዚዛዎች አዲስ የተቆረጠና የተዳከመ ግንድ ይወዳሉ። በበጋ አንድ ሁለት አዲስ የተቆረጠ ግንድ በደኑ ጠርዝ በጥላ ሥር አስቀምጦ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅርፊቱን መላጥ ነው። ቦይ ቦይ የሆነ መንገድና እጭ ከተገኘ ጢንዚዛው አካባቢው ላይ አለ። ግንዱ እጩ አድጎ ሳይወጣ የግድ መቃጠል አለበት፤ ከተረሳ ጢንዚዛውን ያራባዋል።

የማንጎ ነጭ ስኬልን በቢጫ ወጥመድ ለመከታተል የሚሞክር ሰው ይደክማል፤ ሴቷ አትበርምና። ለእርሷ የሚሻለው ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ፊቱ የሚጣበቅ ፕላስተር ጠምጥሞ፣ ገና የተፈለፈሉት ሲራመዱ የሚያዙትን በአጉሊ መነጽር መቁጠር ነው። ከዚያም የሚቀለው ቅጠል ገልብጦ ማየት ነው።

ስልክ

ስልክ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። አንደኛው ማስረጃ መያዝ ነው፤ በዚህ ተወዳዳሪ የለውም። በጥቅምት የተነሳ የአንድ ጥድ ፎቶ ከሚያዝያው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ማንም አይከራከርም። ፎቶው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቆሞ ይነሳ። ለባለሙያ የሚላክ ከሆነ አራት ያስፈልጋሉ፤ ሙሉው ዛፍ፣ የታመመው ቅርንጫፍ፣ የቅጠሉ ፊት፣ የቅጠሉ ጀርባ፤ መጠኑ እንዲታወቅ ከጎኑ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ ይቀመጥ። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ቢላክ ጥራቱም የቦታው መረጃም ሳይቀነስ ይደርሳል።

ሁለተኛው አገልግሎት በመተግበሪያ በሽታ መለየት ነው። በዚህ ላይ እምነቴ ውስን ነው። እንደ ፕላንቲክስ ያሉት በዋናነት ለሰብልና ለአትክልትና ፍራፍሬ የተሠሩ ናቸው፤ ለሎሚና ለማንጎ ፍንጭ ሊሰጡ ይችላሉ። ለሐበሻ ጥድ፣ ለወይራ፣ ለኮሶ ግን የሚሰጡትን መልስ ይዤ መድኃኒት አልገዛም። መተግበሪያው «አላውቅም» ከማለት ይልቅ የሚመስለውን ስም መስጠት ይቀናዋል፤ የተሳሳተ ስም ደግሞ የተሳሳተ ኬሚካል ያስረጫል። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ወረርሽኝ ጊዜ ስልክ የታየበትን ቦታና ቀን በፍጥነት ለማድረስ በእጅጉ ጠቅሟል። ለዛፍም የሚያዋጣው እንዲሁ መልእክተኛ ሲሆን ነው። ፍርዱን ለባለሙያ እንተው።

ቤተ ሙከራ

ይህ ቀርፋፋውና ውዱ መንገድ ነው፤ አንዳንድ ጥያቄ ግን ሌላ መልስ የለውም። የሎሚ ግሪኒንግ ከላይ እንዳልኩት በዓይን አይረጋገጥም፤ የባክቴሪያውን ዘረመል የሚለይ ምርመራ ይፈልጋል። አንድ ሙሉ የሎሚ ማሳ ለመንቀል የሚወስን ሰው ቅጠሉ ስለበጨ ብቻ መወሰን የለበትም። በተቃራኒው ባሕር ዛፍ ላይ ያለ የተርብ እብጠት ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም፤ ምልክቱ ራሱ ተናጋሪ ነው።

በቅርብ የሚገኘው የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የግብርናና የአካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ አለው። በአገር ደረጃ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከሉ አምቦ ነው። ናሙና ይዞ ከመሄድ በፊት ደውሎ ወይም ሄዶ ምን ዓይነት ናሙና እንደሚቀበሉ መጠየቅ ድካም ያተርፋል።

አብዛኛው ናሙና የሚበላሸው በመንገድ ነው። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ቅጠል ለመርማሪው አይጠቅመውም፤ በላዩ ላይ የሚገኘው ሬሳ ላይ የሚበቅል ሌላ ሻጋታ ነው። የሚፈለገው ጤነኛውና የታመመው ክፍል የሚገናኙበት ድንበር ነው። ቅጠሉ በጋዜጣ ወይም በወረቀት ከረጢት ይጠቅለል፤ በፌስታል ከታሰረ ላቡ ያበሰብሰዋል። ነፍሳት ከሆነ ከፋርማሲ በሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይቀመጥ። ቀኑ፣ ቦታው፣ የዛፉ ዓይነት፣ ዙሪያው ስንት ዛፍ እንደታመመ በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ በአልኮል ይፈስሳል። ዓርብ ዕለት መላክም አይበጅም፤ ናሙናው ቅዳሜና እሑድን ተዘግቶ ያሳልፋል።

ሳተላይትና ድሮን

ሴንቲኔል ሁለት የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስል በነጻ ይገኛል። አንዱ የምስሉ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ሁለቱ ሳተላይቶች ተቀናጅተው አንድን ቦታ በየአምስት ቀኑ ያነሳሉ። አምስት ሄክታር የሆነ የቤተ ክርስቲያን ደን 500 ነጥብ ይይዛል፤ ይህ ጥሩ ነው። ሩብ ሄክታር የባሕር ዛፍ ማሳ ግን 25 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከእነርሱም ዳር ዳር ያሉት ከጎረቤት እርሻ ጋር ይቀላቀላሉ። ለእንዲህ ያለ ማሳ በእግር መዞር ይፈጥናል።

የሳተላይት ምስል ልክ እንደ ትኩሳት መለኪያ ነው፤ መታመሙን እንጂ በሽታውን አይናገርም። አረንጓዴነት ቀነሰ ማለት ክሽክሽ፣ ድርቅ፣ ቁርጥ ወይም የቅጠል መርገፊያ ወቅት ሊሆን ይችላል። የመተማ የእጣን ዛፍ በበጋ ቅጠሉን በተፈጥሮው ያራግፋል፤ የጥርን ምስል አይቶ «ደኑ ደረቀ» ማለት ስሕተት ነው። በክረምት ደግሞ የጎንደር ሰማይ በደመና ስለሚሸፈን ለሳምንታት ጥርት ያለ ምስል ላይገኝ ይችላል። ዋናው ብልሃት ዘንድሮን ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ማስተያየት ነው። ኅዳርን ከኅዳር፣ ጥርን ከጥር። የቆየ ታሪክ ለሚፈልግ ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስሎች ነጥባቸው 30 ሜትር ቢሆንም ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ያሳያሉ።

ድሮን ከዛፍ አናት በላይ ሆኖ እያንዳንዱን ዛፍ ስለሚያሳይ ለሰፊ ደን ያማልላል። ፈቃድ ግን ይፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ማብረር ችግር ውስጥ ያስገባል። በአሁኑ ጊዜ ለግለሰብና ለደብር የምመክረው መንገድ አይደለም።

ለማን የትኛው

ባሕር ዛፍ ያለው ገበሬ፦ ዙረትና ደብተር ይበቃዋል። ከተቆረጠ በኋላ በሚያቆጠቁጠው ለጋ ላይ ትኩረት ያድርግ፤ በአንድ ጉቶ ላይ ስንት ቅርንጫፍ እንዳበጠ ይቁጠር። ወጥመድ አያስፈልገውም። ዲከረንስ የተከለ ሰው ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ቅጠሉን ሳያይ አንድ ወር ማለፍ የለበትም።

የቤተ ክርስቲያን ደን፦ እዚህ ላይ ዋናው ሀብት ሰው ነው። ዘበኛው፣ የአብነት ተማሪዎችና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየቀኑ እዚያው አሉ። ቁጥር የተሰጣቸው 60 ዛፎች፣ አንድ ደብተር፣ ፎቶ የሚያነሳ አንድ ስልክ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የሳተላይት ንጽጽር የሚሠራ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢገኝ፣ ይህ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጣል። ደብተሩ በአስተዳዳሪው እጅ ይቀመጥ፤ ሰው ሲቀየር መዝገቡ እንዳይጠፋ።

ችግኝ ጣቢያ፦ ከሁሉም ጥብቅ መሆን ያለበት ይህ ነው፤ ተባይ በአገር የሚዛመተው በአብዛኛው በችግኝ ጭነት ነው። ዙረቱ በየሳምንቱ መሆን አለበት፤ ቢጫ ወጥመድም እዚህ ቦታው ነው። በሰኔ፣ ችግኙ ለተከላ ከመውጣቱ በፊት፣ እያንዳንዱ መደብ ይታይ። ጥርጣሬ ካለ ለቤተ ሙከራ የሚወጣው ገንዘብ እዚህ ይውጣ።

የግቢ ፍራፍሬ፦ ቅጠል መገልበጥ፣ አጉሊ መነጽር፣ ለዘይቱንና ለማንጎ ማባበያ ከተገኘ አንድ የፍሬ ዝንብ ወጥመድ። የተዳቀለ ችግኝ ሲገዛ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ከክትትሉ ሁሉ ይቀድማል።

የከተማና የቅርስ ዛፎች፦ በፋሲል መዋኛ ግንብ ላይ ሥራቸውን የተከሉትን አሮጌ ዛፎች ማን ያያቸዋል? ጥያቄው ከበሽታም በላይ ነው። በጥምቀት ሕዝቡ ከሥራቸው ይሰበሰባል፣ ወጣቶቹም ይወጡባቸዋል። ውስጡ የበሰበሰ ቅርንጫፍ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በየዓመቱ ከጥምቀት በፊት፣ በታኅሣሥ፣ ግንዱን በእንጨት መዶሻ እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ፣ ባዶ የሚል ካለ በባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል። ቦታው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ አካል ስለሆነ ማንም ተነስቶ የሚቆርጠው ዛፍ አይደለም፤ የዛፉ መዝገብ ከግንቡ የጥገና መዝገብ ጋር አብሮ መያዝ አለበት።

አጠራጣሪ ነገር ሲገኝ

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የመጀመሪያው ሥራ ማንቀሳቀስን ማቆም ነው። ከተጠረጠረው ቦታ ማገዶ፣ አጠና፣ ችግኝ ወይም አፈር አይውጣ። ዛፉ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ፣ አራቱ ፎቶዎች ይነሱ፣ ዙሪያው ያሉት ዛፎች ይቆጠሩ። ናሙና ተወስዶ ቢላዋው በአልኮል ይጸዳ፤ የጫማው ጭቃ እዚያው ይራገፍ። በዚያው ቀን ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ይነገር፤ እርሱ ካላወቀው ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይለፍ። ስሙ ሳይታወቅ መድኃኒት አይረጭ። መልስ እስኪመጣ ድረስ ያ ዛፍና አጠገቡ ያሉት በየሳምንቱ ይታዩ፤ የታየውም በቀኑ ይጻፍ፣ «ለውጥ የለም» ቢሆን እንኳ።